ጉድጓድ የቀረች እጅ

የምዛማኔን ቀኝ እጅ የጆሃንስበርግ የወርቅ ጉድጓድ ቆርጦ ካስቀራት ሦስት ክረምት አልፏል። ዛሬ ከሚስቱ ከኖሉንዲ ጋር ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጠውን የመንግሥት ድጎማ ሊጠይቅ ወደ ቢሮው መጣ። የቢሮው ጸሐፊ የግራ አውራ ጣቱን የአሻራ ማንሻው ላይ አስጫነችውና ኮምፒዩተሯን አንብባ ፊቷ ተለወጠ።

«አባባ፣ ሥራ ላይ ነዎት'ኮ ይላል። ዛሬ ጠዋት በቀኝ አውራ ጣትዎ ፈርመው ጉድጓድ ወርደዋል።»

«በየትኛው ጣቴ፣ ልጄ?» ባዶ እጅጌውን አነሳላት።

ኖሉንዲ አፏን ያዘች። በአገራቸው ልማድ፣ ጉድጓድ ውስጥ የሞተ ሰው ነፍሱ ከመሬት በታች እንዳትቀር፣ ዘመድ ቅርንጫፍ ይዞ ሄዶ «ና፣ ቤት እንግባ» ብሎ ይጠራዋል። ምዛማኔ ግን በሕይወት ስለተመለሰ ለእጁ ብሎ የሄደ አልነበረም።

«ሳንጠራት ቀረን» አለች።

ምዛማኔ እጅጌውን ደረቱ ላይ አቀፈ።

«ለካ ለዚህ ነው ከእሑድ በቀር ማታ ማታ ክንዴ የሚዝልብኝ።»