ዘጠኝ ዴስክ የሰረቀው ጀልባ ነጂ

"ሌባ! ሌባ ነው!"

ርዕሰ መምህርት ሴሩዋያ ክፍሉ በር ላይ ቆማ ጮኸች...

ዘጠኝ ዴስክ የለም። ትንሹ ጥቁር ሰሌዳ የለም። የትምህርት ቤቱ ሬዲዮም የለም።

"መቼም ማን እንደወሰደው አይጠፋሽም" አሉ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ከማስካቸው ጀርባ እየሳቁ።

አልጠፋትም። ጀልባ ነጂው አፒሳይ ነው!

በዚያች የፊጂ ደሴት የሷ መንደርና የሱ መንደር "ታውቩ" ናቸው። ከቅድመ አያት ጀምሮ አንዱ ሌላውን መስደብ፣ እቃውንም ሳይጠይቅ አንስቶ መሄድ ይችላል። የተወሰደበት ሰው ይስቃል እንጂ አይቆጣም። ከተቆጣማ የመንደር መሳቂያ ሆነ ማለት ነው።

ባለፈው ሁለት ዶሮዎቿን ወስዶባታል። እሷም አዲሱን ባርኔጣውን አድርጋ ቤተ ክርስቲያን ሄደችበት።

ግን ዶሮ ሌላ... የመንግሥት ዴስክ ሌላ!

ትምህርት ቤቱ በኮሮና ከተዘጋ ሰባት ወሩ ነው። ነገ ከትምህርት ቢሮ ወይዘሮ ናራያን መጥተው የመክፈቻ ዕቅዱን ያያሉ። ካላጸደቁት ትምህርት ቤቱ እስከሚቀጥለው ዓመት አይከፈትም፤ ስምንተኛ ክፍሎችም ፈተናው ያመልጣቸዋል።

ሴሩዋያ በዚህ ዕቅድ ሦስት ሳምንት ተጨንቃለች። ግማሹ ተማሪ ሰኞና ማክሰኞ ይመጣል፣ ግማሹ ሐሙስና ዓርብ። በቀረው ቀን ቤታቸው ሆነው የሚሠሩት ወረቀት ይሰጣቸዋል። ረቡዕ ጽዳት ነው።

ከባሕር ወሽመጡ ማዶ የሚኖሩት ዘጠኝ ልጆችስ? በአንድ ጀልባ ታጭቀው እንዳይሻገሩ ተከልክሏል። ስለዚህ "በስልክ ይማራሉ" ብላ ጻፈች።

ማዶ ኔትወርክ እንደሌለ ልቧ ያውቃል። ግን ቅጹ ክፍት ቦታ አይወድም... ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

በዴስኮቹ ንዴት ቁጭ ብላ ለትምህርት ቢሮው የክስ ደብዳቤ ጻፈች። "አፒሳይ የተባለ ግለሰብ የመንግሥት ንብረት ሰርቋል..." አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

በማግስቱ ወይዘሮ ናራያን መጡ። በማን ጀልባ? በአፒሳይ ጀልባ!

"ርዕሰ መምህርቷ ይቺ ናት፣ እመቤቴ" አለ እየሳቀ። "ፊቷ አያስደንግጥዎት። መንደራቸው ሁሉም እንዲህ ነው የሚወለደው።"

"ዴስኮቼ የታሉ?" አለችው ጥርሷን ነክሳ።

"ሰሌን ላይ ተቀምጠሽ አድገሽ ዛሬ ዴስክ አማረሽ?"

ወይዘሮ ናራያን አልሳቁም። መነጽራቸውን አድርገው ዕቅዱን ገጽ በገጽ አነበቡት። አንድ መስመር ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

"እነዚህ ዘጠኝ ልጆች... በስልክ? ማዶ ስልክ ይሠራል?"



ሴሩዋያ እጇን ኪሷ ከተተች። ደብዳቤው አለ። አሁን ብታወጣው ጥፋቱ ሁሉ ወደ አፒሳይ ይዞራል። "ዕቅዴን ያበላሸው ይህ ሌባ ነው" ማለት ትችላለች።

እጇን ባዶውን አወጣችው።

"አይሠራም" አለች። "ዋሽቼ ነው የጻፍኩት። የማደርገው ቢጠፋኝ ነው።"

አፒሳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁን አቆመ።

"በሉ ጀልባዋ ላይ ውጡ" አለ።

ማዶ ሲደርሱ ኮኮናት ወደሚደርቅበት አሮጌ መጋዘን ወሰዳቸው። ወለሉ ታጥቧል። መስኮቶቹ ወለል ብለው ተከፍተዋል።

ውስጡ... ዘጠኝ ዴስክ!

በየመካከላቸው ሁለት ሁለት ሜትር አለ። አፒሳይ በአሳ ማጥመጃ ገመድ ለክቶ ነው ያስቀመጣቸው። ሬዲዮው መስኮቱ ላይ ሆኖ የሒሳብ ትምህርት ያስተላልፋል። የሰንበት ትምህርት የምታስተምረው የአፒሳይ ሚስት ሚሊካ ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች። ልጆቹ ማስካቸውን አድርገው ይገለብጣሉ።

ሴሩዋያ ወደ አንዱ ዴስክ ቀረበች። ጠርዙ ላይ ስም በምስማር ተቀርጿል። "ሎሳና"። የተቀመጠችበትም ራሷ ሎሳና ናት፣ የስምንተኛ ክፍሏ ጎበዝ!

ሁለተኛውን አየች... ሦስተኛውን...

ለካ የወሰደው ያገኘውን ዴስክ አልነበረም። የዘጠኙን ልጆች ዴስክ አንድ በአንድ መርጦ ነው!

"ልጆቹ ወደ ዴስካቸው መሄድ ካልቻሉ ዴስኩ ይምጣላቸው ብዬ ነው" አለ አፒሳይ።

"ለምን አልጠየቅኸኝም?" አለች እንባዋን እየጠረገች።

"ብጠይቅሽ ለቢሮ ትጽፊያለሽ። ቢሮው እስኪመልስ እነዚህ ልጆች ያገባሉ! ታውቩ ከወሰደ ግን ማን ፈቃድ ይጠይቀዋል?"

ወይዘሮ ናራያን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"የመንግሥት ንብረት ነው። ርዕሰ መምህርት፣ ተሰርቆብኛል ብለው ያመለክታሉ?"

"አልችልም" አለች ሴሩዋያ፣ እያለቀሰች እየሳቀች። "ታውቩዬ ነው። መቆጣት ነውር ነው።"

ደብዳቤውን ከኪሷ አወጣች። ገልብጣ ባዶው ጀርባ ላይ ጻፈች፦ "ዘጠኙ ልጆች ማዶ ባለው ሁለተኛ ክፍላችን ይማራሉ።"

ወይዘሮ ናራያን መጋዘኑን ዞረው ዞረው አዩት። ከዚያ እዚያው የሎሳና ዴስክ ላይ ጎንበስ ብለው ፈረሙ።

ትምህርት ቤቱ ተከፈተ!

በመጀመሪያው ረቡዕ አፒሳይ አሳውን ሸጦ ወደ ባሕሩ ዳር ሲመለስ ጀልባው የለችም።

"ሌባ! ሌባ!" ብሎ ጮኸ።

ሴሩዋያ ማዶ ዘጠኙን ልጆች እያስተማረች ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ረቡዕ በመጣ ቁጥር ጀልባዋ ትሰረቃለች... አፒሳይም እየተሳደበ ነዳጁን ከዋዜማው ይሞላላታል።

ወዳጆቼ... ወረቀት ላይ "ይማራሉ" ስለተባለ ብቻ የተማረ ልጅ የለም። የጎደለውን "ጎድሏል" ማለት ያሳፍር ይሆናል፤ ግን ሴሩዋያ እውነቱን ባትናገር ኖሮ ያ መጋዘን እስከ ዛሬ የተሰረቀ ዕቃ መደበቂያ ይባል ነበር።

እናንተ በሷ ቦታ ብትሆኑ እጃችሁ ከኪሳችሁ ይዞ የሚወጣው ምን ነበር? እውነቱን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... በዚያ የኮሮና ዘመን ለልጆቻችሁ ትምህርት የለፋላችሁ አንድ አፒሳይ ካለም ስሙን ጥሩልን 👇