የማሩ ዘበኛ

በሁለት ቀፎዎች መካከል ተጎልታ ጉልበቷ ዝሏል። ከንብ የሚከልላት መረብ በላብ ርሶ ጉንጯ ላይ ተለጥፏል። ንቦቹ በግራና በቀኟ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ እሷን ከጉቶ የለያት የለም። ዓይኗን ግን ከመንገድ ዳሯ ጠረጴዛ ላይ አልነቀለችም።

ጠረጴዛዋ ሻጭ የላትም። አላፊ አግዳሚው ከተደረደሩት የማር ጠርሙሶች አንዱን ያነሳል፣ ዋጋውን ከቆርቆሮው ሳጥን ይከታል፣ መንገዱን ይቀጥላል። ለዓመታት እንዲህ ተኖሯል። ቀፎ ያለው ሰው ሥራ ፈትቶ ጠረጴዛ ሲጠብቅ አይውልም።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ማሩ ይጠፋል። ሳጥኑን የነካው የለም፤ የሚጠፋው ማር ብቻ ነው። መጀመሪያ «በካሜራ ይጠበቃል» ብላ ለጠፈች፤ ካሜራ ከየት መጥቶ! ሌባው ከወረቀቱ ሥር የነበረውን ጠርሙስ አንስቶ ሄደ። ቀጥላ ጠርሙሶቹን ከጠረጴዛው ጋር በሽቦ አሰረች። ሌባው ሽቦውን አንድ በአንድ ፈትቶ፣ በወጉ ጠቅልሎ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦላት ሄደ። እንዲህ ያለ ዓይን ያወጣ ሌባ አይታም ሰምታም አታውቅ።

ማታ ማታ ለእናቷ ታማርራለች። ንብ መያዝ ያስተማረቻት እናቷ ናት። አሁን እርጅና ተጫጭኗት ምሳ መብላቷን እንኳ የምትረሳበት ቀን አለ። የሌባው ነገር በተነሳ ቁጥር ግን ወሬውን ገና እንደሰማች ሁሉ ትደነግጣለች።

«ውይ ልጄን! ታዲያ ዝም ብለን እናያለን?» ትላለች፣ ደረቷን ይዛ።

ከመንገዱ ማዶ ጎሚስታው አለ። ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲፈታና ሲለጥፍ ፊቱ ወደ ጠረጴዛዋ ነው። ትናንት ደሟ ፈልቶ ሄደችበት።

«ከአንተ በቀር እዚህ የሚውል ማን አለ?» አለችው፣ ጎማ ሊያስነፉ በቆሙ ሰዎች ፊት።

«እሜቴ፣ ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ነው የሚባለው፤ አንቺ ግን እሬት ነው የምትተፊው» አላት። ሰዎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

«ነገ እጅ ከፍንጅ ይዤ ለፖሊስ ካልሰጠሁህ ከምላሴ ጠጉር!» ብላው ተመለሰች። ይኸው ዛሬ ቃሏን ልታስከብር ንብ መሐል ተቀምጣለች።

ኮቴ ሰማችና ትንፋሿን ዋጠች። ድምፁ የመጣው ከመንገዱ ሳይሆን ከቤት በኩል ነው። በአጥሩ ጥግ እናቷ ብቅ አለች። «አበላሸችብኝ! አሁን ማን ይጠጋል?» አለች ልጅቱ በሆዷ። ሂጂ ልትላት እጇን ስታነሳ እናቷ ጠረጴዛዋ ዘንድ ደርሳ ቆመች። መንገዱን ወዲያና ወዲህ ቃኘች። ከዚያ አንዱን ጠርሙስ አነሳች፣ አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ ወለወለች፣ በብብቷ ሸጎጠች። ሌላም ደገመች።

ልጅቱ ክው ብላ ቀረች።

አሮጊቷ ጎንበስ ብላ በቀፎዎቹ መሐል መጣች። ንቦቹ ጥለውት ከሄዱ ወዲህ ማንም ከማይከፍተው ከዳርኛው ቀፎ ስትደርስ ክዳኑን አነሳች። የጠፋው ማር በሙሉ እዚያ ነው። እንዳይጋጭ በየጠርሙሱ መሐል ጨርቅ ተወትፏል፤ አወታተፉ የባለሙያ ነው።

«እማዬ!»

እናቷ ደንግጣ ክዳኑን ደረቷ ላይ ለጠፈች። ከቀፎዎቹ መሐል የተነሳውን ባለ መረብ ሰው አየችና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ቀስ ይበሉ እንጂ! ሌባ አለ። የልጄን ማር ጨረሰባት። ሌሊቱን ስትገላበጥ ነው የምታድረው። እኔ ነኝ ቀስ እያልኩ የማሸሽላት።»

መረቡ ነው፣ አለች ልጅቱ ለራሷ። መረቡ ነው የጋረዳት። ንቦቹን ረስታ ፊቷን ገለጠች።

«እኔ ነኝ እኮ፣ እማዬ።»

እናቷ ጠጋ ብላ ግንባሯን፣ ዓይኗን፣ አገጯን አየች። ሳትቸኩል ነው ያየቻት። ከዚያ ማር ሊገዛ ለቆመ መንገደኛ የምታሳየውን ፈገግታ ፈገግ አለችላት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ዓይኔ ደክሟል። የዚህ ሰፈር ሰው ነዎት?»

ማዶ የጎሚስታው መዶሻ ብረት ይመታል። ልጅቱ ወደዚያ ዞረች። ምነው ሌባው እሱ በሆነ ብላ ተመኘች። በምኞቷ አፈረች፤ ቢሆንም ተመኘች። ያን ጊዜ ፖሊስ ተጠርቶ፣ ተጮኾ፣ ነገሩ ያልቅ ነበር።

«አዎ፣ የሰፈር ሰው ነኝ» አለች።

«እሰይ። እንግዲያው ላስቸግርዎት፤ እኔ የቀረውን ላምጣና እርስዎ እዚህ ይቁሙልኝ። ልጄ መምጣቷ አይቀርም። ከእሷ በቀር ለማንም እንዳይሰጡብኝ፤ አደራ።»

«እሺ።»

እናቷ ክዳኑን መለሰችና ወደ ጠረጴዛዋ አዘገመች። ጥቂት ሄዳ ዞር አለች፤ አደራዋ መጠበቁን ልታይ። ልጅቱ ቀፎው አጠገብ ቀጥ ብላ ቆማ እጇን ክዳኑ ላይ ጫነች።