ወራጅ አለ

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ ሂሳብ ሲሰበስብ፣ ሴትዮዋ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ብሩን ዘረጋችለት። ረዳቱ አልተቀበላትም። "የእርስዎ ተከፍሏል፣ እትዬ" ብሎ ወደ ኋላ ወንበር ጠቆመላት።

መድኃኒት ቤቷን ከከፈተች ወዲህ ታክሲ ተሳፍራ አታውቅም ነበር። ባለመኪና እየተመረጠ ይታገታል የሚለው ወሬ ሲበዛባት ግን ነጯን መኪናዋን ሸራ አልብሳ ግቢዋ ውስጥ ካቆመቻት ሦስት ሳምንት አልፏል፤ ሕዝብ መሃል ማን ይለየኛል ብላ ነበር። አሁን ደግሞ የከፈለላትን ሰው ዞሮ አለማመስገን ነውር ሆነባት። ስትዞር ነጠላው ከፊቷ ተንሸራተተ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች።

የማታውቀው ጎልማሳ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ከወንበሩ ብድግ አለላት። "ኧረ ምን አለበት! ምነው ግን መኪናዋን አቆሟት? እኛ የለመድንዎ እኮ በነጯ ነበር።" አጠገቡ የተቀመጠው ሰው አንዴ እሷን፣ አንዴ ስልኩን ያያል።

ፒያሳ ገና ሩቅ ነው፤ መንገዱ ዳርም ሰው አይታይም። እሷ ግን መቀመጥ አልቻለችም።

"ወራጅ አለ!" አለች።

ሚኒባሱ ጥጉን ይዞ ሲቆም፣ ከኋላዋ ሁለት ድምፆች ተከታትለው ተሰሙ።

"ወራጅ አለ!"

"ወራጅ!"