ሚስት የሌላት ሻጭ

«እትዬ፣ ከበሩ ላይ ዞር ይበሉልኝ፤ ላሽገው ነው» ይለኛል ተቆጣጣሪው፣ በአንድ እጁ ሙጫ፣ በሌላው ደብተር የሚያህል የማሸጊያ ወረቀት ጥራዝ ይዞ።

«አልዞርም!»

በሁለት እጄ መቃኑን ግጥም አድርጌ ይዣለሁ። ከኋላዬ ዛሬ ጠዋት አቧራውን ጠርጌ የደረደርኩት ወይንና ቢራ አለ። ከሥራ ስሰናበት የሰጡኝ ገንዘብ በሙሉ እዚያ መደርደሪያ ላይ ነው። እሱ ከታሸገ እኔም አብሬ ታሸግኩ ማለት ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የመንግሥት መጠጥ መሸጫ ውስጥ ሠርቻለሁ። ሰው አንገቱን ደፍቶ ይመጣል፤ እኔ ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልዬ በሽቦ መስኮት አሾልክለታለሁ። ሰፈሩ «እትዬ መስኮት» ብሎኝ የቀረው ለዚህ ነው። ያኔ ሻጩ መንግሥት ነበር፤ እኔ እጁ ነበርኩ። ባለፈው ወር አዲስ አዋጅ ወጣና መስኮቱ ተዘጋ። ከእንግዲህ ፈቃድ ያወጣ ሁሉ መሸጥ ይችላል ተባለ። እሰይ ብዬ መጀመሪያ የተሰለፍኩት እኔ ነኝ።

ቅጹ ላይ «ሻጩ ያገባም ሆነ ያላገባ፣ የሚስቱ ስምምነት» የሚል ቦታ አለ። ጉድ እኮ ነው! ከድሮው ደንብ ሲገለብጡ የሚያርም ጠፍቶ ነው። «ሚስት የለኝም» ብዬ ጻፍኩበት። የፈቃድ ክፍሏ ሴትዮ አየት አድርጋ «ቅጹ አልተሟላም» አለችኝ። «እኅቴ፣ ሴት ነኝ እኮ!» ብላት፣ «አዋጁ የሚያውቀው ሻጩን ነው፤ ሻጯን አያውቅም» ብላኝ ቁጭ። እሷም ሴት ሆና! ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ዛሬ ግን በቃኝ፣ ከፈትኩ።

«ያለ ፈቃድ እየሸጡ ነው» ይላል ተቆጣጣሪው።

«ማን አየ?»

«ኧረ እኔም አይቻለሁ!» ይላል ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ፣ አሁን የገዛትን ቢራ ከፍ አድርጎ። «ትንሽ ሞቅ ብላለች እንጂ ጥሩ ናት።»

«አንተ አፍህን ዝጋ!» እልና ወደ ተቆጣጣሪው እዞራለሁ። «እስቲ ቅጣቱን አንብብልኝ።»

ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ ያደርጋል። «ያለ ፈቃድ የሸጠ፣ ሱቁ ይታሸግበታል።»

«ድገመው።»

«ያለ ፈቃድ የሸጠ…»

«የሸጠ! የሸጠች ይላል?»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የታወቀ ነው። የሸጠ ሲል ወንዱንም ሴቷንም ነው።»

ደሜ ፈላ። «እንዴት ያለ ነገር ነው! ፈቃድ ስጠይቅ ሻጩ ወንድ ነው፤ ቅጣት ሲመጣ እኔም አለሁበት? ስትቀጡኝ ብቻ ነው የምታውቁኝ? ወይ ከሁለቱም አውጡኝ፣ ወይ ሁለቱም ውስጥ አስገቡኝ!»

አላፊ አግዳሚው ቆም ቆም ማለት ጀምሯል። ግማሹ ፀጉሩ ተቆርጦ ግማሹ የቀረ ደንበኛ ሳይቀር ፎጣውን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ወጥቷል። «እውነቷን ነው! ሚስት ፈልጉላት!» ይላል ፀጉር አስተካካዩ፤ ሰዉ በሳቅ ይፈርሳል። ተቆጣጣሪው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ ግን መሳቂያ መሆን ማን ይወዳል?

«በመንግሥት ሥራ አይቀለድም!»

«እኔም አልቀለድኩም። ልታሽግ ከሆነ እንደሆንኩት ጻፈኝ። ወንድ አድርገህ ከጻፍከኝ ያሸግከው የሌላ ሰው ሱቅ ነው፤ ፍርድ ቤት እንገናኛለን።»

«እጽፍዎታለሁ! ምን ይከብደኛል!»

ጥራዙን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ይከፍትና በሁለት ቅጠል መሀል ካርቦን ያስገባል። የታተመው ላይ «ሻጩ» ይላል። እስክሪብቶውን ጫን አድርጎ «ጩ»ን ይሰርዝና ከላዩ «ጯ» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ በታች፣ ጮክ ብሎ እያነበበ፦ «ሻጯ ያለ ፈቃድ ስትሸጥ ስለተገኘች ሱቋ ታሽጓል። በቃዎት?»

«ማህተም የለውም።»

ማህተሙን ከቦርሳው ያወጣል፤ እፍ ይልበትና በሁለቱም ቅጂ ላይ በንዴት ይመታዋል። አንዱ ለበሩ፣ አንዱ ለእኔ።

ያን ጊዜ መቃኑን ለቀቅኩት። ፀጉር አስተካካዩ «እትዬ መስኮት፣ እጅ ሰጠሽ?» ይላል፤ ድምፁ ውስጥ ቀልድ የለም። ወረቀቱ በሬ ላይ ሲለጠፍ አላለቅስም ብዬ ከንፈሬን ነከስኩ። ከዚያ ቅጂዬን ይዤ ከደረጃው ወረድኩ።

«ወዴት ነው?» ይላል ተቆጣጣሪው።

«ፈቃድ ክፍል ነዋ! አዋጁ ሻጯን አያውቅም ብለውኝ ነበር። ይኸው፣ መሥሪያ ቤታችሁ በገዛ እጁ ጽፎ፣ በገዛ ማህተሙ አወቀኝ። ሚስት አለሽ ወይ ብሎም አልጠየቀኝም።»

ነገሩ አሁን ገባው። እጁን ይዘረጋል። «እትዬ፣ ቆይ እስቲ፣ አንድ ጊዜ ያሳዩኝማ…»

«ሞቼ ነው ቆሜ!»

የማህተሙ ቀለም ገና አልደረቀም። እንዳይጨማለቅብኝ ወረቀቱን በሁለት እጄ ወደ ፊት ዘርግቼ አስፋልቱ መሀል እገባለሁ። መኪኖቹ ይቆማሉ።