የቤቱ ልምምድ

«እማዬ፣ አንቺስ ምን ልትሠሪ ነው?» አለቻት ልጇ ረድኤት። ትምህርት ሊከፈት ሲል እናት የጠዋቱን ሥራ ለቤተሰቡ አከፋፍላ ነበር፤ ልብስ ሰፊው ባሏ ሻይ ያፈላል፣ ረድኤት ወንድሟን ታለብሳለች፣ ወንድምየው አልጋ ያነጥፋል። እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታያለች።

«ንግሥት ሆንሽብን እኮ» ይላታል ባሏ።

ሻዩ በገነፈለ ቁጥር ተነሺ ተነሺ እያላት ችላ ትቀመጣለች። ቤቱ ካለ እሷ መዋል ካልቻለ ሐሳቧን ውሃ በላው ማለት ነው።

ሰኞ ጠዋት ሻዩ ሳይገነፍል ወረደ። እናት የረድኤትን ጥፍር አየች፤ ቀጥላም የራሷን እጆች ዘረጋችላት።

«ንጹሕ ነው?»

«ነው። ምነው?»

ከነጠላዋ ሥር አዲስ ደብተር ብቅ አደረገች።

«የጎልማሶች ክፍል ጠዋት ነው፤ የእናንተ ፈረቃ ከሰዓት። ሰልፍ እንዳያልፈኝ።»

ባልና ልጆች ከነሻያቸው ቤት ቀሩ፤ እናት ትምህርት ቤት ሄደች።