ያለ ውሃ የለመለመ ጎመን

አሮጊቷን የበደላት ሊትሩ ነው። ሊትሩ የልጇ ባልና የውሃ ማኅበሩ ለኪ ነው። ስሙን ያወጣችለት ራሷ አሮጊቷ ናት፤ ሰውየው ፊቱን እንኳ የሚታጠበው በሊትር ነውና።

የቦዩን ውሃ ሁለት ወገን ይጠጣዋል። ከታች የአሮጊቷ ጎመን፣ ከላይ ደግሞ ከማበጠሪያ እስከ ሱቅ መስኮት ጌጥ የማያወጣው ነገር የሌለ የፕላስቲክ ፋብሪካ። ዘንድሮ ውሃው ሲያንስ ማኅበሩ «ባነሰ ውሃ ብዙ ላመረተ ይሰጥ» ብሎ ደንብ አወጣ። ሊትሩ ለካ፣ ደመረ፣ አካፈለ፤ ከዚያ የአማቱን ቦይ በቁልፍ ዘጋው።

«እማማ፣ አይቀየሙኝ» አላት ከአጥሩ ውጭ ቆሞ። «አንድ በርሜል ውሃ ለፋብሪካው መቶ ማበጠሪያ ያወጣል። ለእርስዎ አንድ ጎመን አይሞላም።»

«እንግዲያው ሚስትህ ለምሳህ ማበጠሪያ ትቀቅልልህ።»

«ቁጥር ነው እማማ፤ እኔ ምን ላድርግ?»

አሮጊቷ መላጣውን ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ አየችው። «ራሰ በራ ለማበጠሪያ ጥብቅና ሲቆም አየሁ። ዕድሜ ደጉ።»

ደንቡ በዚህ አላበቃም። እስከ ወሩ መጨረሻ ጎመኑ ደርቆ ከተገኘ መሬቱ ለፋብሪካው መጋዘን ይሰጣል። ለምልሞ ከተገኘ ቦዩ ይከፈታል። ውሃ ሰርቃ ከተያዘች ግን መሬቱም ቦዩም ሄዱ ማለት ነው። መሬቱ ከአንድ ግቢ አይበልጥም፤ ግን ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ያሳደገችው፣ ለዚሁ ለሊትሩም የዳረቻት በዚያ ጎመን ነው።

ጎመኑ ወዲያው ጠወለገ፣ ከዚያ እንደ ትንባሆ ደረቀ። ልጇ ከምትሠራበት ከፋብሪካው ዕቃ ቤት በጋሪ ካርቶን ጭና መጣች።

«ምንድን ነው?» አላት ባሏ።

«ለእናቴ ማቀጣጠያ። እሱንም ልትለካው ነው?»

አሮጊቷ አንዱንም ካርቶን አላቃጠለችም። አልጋዋ ሥር ደረደረቻቸው።

በሳምንቱ ጎመኑ ለምልሞ ታየ። ቅጠሉ የሰፋ፣ ትል ያልነካው፣ ዓይን የሚያጠግብ ጎመን። መንገደኛው ሁሉ አጥሩ ላይ ተንጠለጠለ። ሊትሩ እየሮጠ መጣ።

«ከየት መጣ ይሄ?»

«ተከልኩት።»

«በምን ውሃ?»

«ለኪው አንተ፤ እኔን ትጠይቀኛለህ?»

ሊትሩ ሊገባ አንድ እግሩን አነሳ። «ጫማህን» አለችው። የጎመን መደቧን በጫማ ማስረገጥ ከድሮም አትወድም። ሊትሩ የቀኝ ካልሲው አውራ ጣቱን እንደሚያሳይ ትዝ አለውና እግሩን መለሰ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ሥራ አልነበረውም። በየጠዋቱ ገመዷ ላይ እርጥብ ጨርቅ ተሰጥቶ አየ። ጨርቁን ቦይ ውስጥ ነክራ ጎመኑ ላይ ትጨምቃለች ብሎ ደመደመ። አንዱን አወረደና መለኪያው ላይ ጨመቀው፤ ግማሽ ስኒ ቡናማ ውሃ ወጣው።

«ይሄ አንድ ጎመንም አያረጥብ» አለ ግራ ተጋብቶ።

«ጨርሰህ እጠበውና መልሰህ ስቀለው።»

ቀጥሎ «ከመሬት በታች ቧንቧ አለ» አለ። በአጥሩ ዙሪያ ሲቆፍር ዋለ። እውነትም ቧንቧ አገኘ፤ በዶማው በሳው። የፋብሪካው ነበር። የማበጠሪያ ሥራ ሙሉ ቀን ቆመ፤ ሊትሩም እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ወደ ቤቱ ሄደ።

አንድ ቀን የጎረቤቷ ፍየል አጥር ጥሳ ገባች። አንድ ቅጠል አኘከች፣ ተፋችው፣ ራሷን እየነቀነቀች ወጣች።

«ፍየሌ ካርቶን የምትበላ ናት» አለች ጎረቤቲቱ። «ያንቺን ጎመን ምን ነካው?»

«አስተዳደጓ ነው።»

«ደግሞ ጎመንሽ ከተተከለ ወዲህ አላደገም እኮ።»

«ልኩን ያወቀ ነዋ። እንዳንዳንዱ ሰው ያለ ልኩ አይንጠራራም።»

የወሩ መጨረሻ ደረሰ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ወገቡን ይዞ፣ ምርኩዙን ተደግፎ መጣ። ወገቡ ስለማያጎነብስለት ምርኩዙን በአጥሩ ቀዳዳ አሳልፎ አፈሩን ወጋ ወጋ አደረገው። አፈሩ እንደ አመድ ቦነነ።

«ጠብታ የለበትም» አለ።

«ሰርቀው ነው!» አለ ሊትሩ።

«የሰረቀችውን የት አፈሰሰችው? አፈሩ ይኸው። ይልቅ አስላ።»

ሊትሩ የሒሳብ ማሽኑን አወጣ። ጎመኑን በውሃው አካፈለ። ማሽኑ እንቢ አለ። ደግሞ ሞከረ፣ በሸሚዙ ጠርጎ ሞከረ። ላብ አጠመቀው።

«በዜሮ አይካፈልልኝም» አለ።

«አየህ!» አለ ሊቀመንበሩ። «ከማሽን በላይ የሆነች አምራች ናት። ፋብሪካው ከሷ ይማር! እትዬ፣ ቦዩ ነገ ይከፈትልዎታል። ለቤት የሚሆን አንድ ራስ ጎመን ቢቆርጡልኝስ?»

«ውሃዬ ይግባና ገና ቅርጫት ሙሉ እሰጥሃለሁ።»

ሊትሩ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። አማቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። «እማማ፣ እንዴት እንዳደረጉት ለኔ ብቻ ይንገሩኝ። ለማንም አልናገርም።»

«ሂድ ፀጉርህን አበጥር» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ውሃው ከመድረሱ በፊት፣ ጎመኖቹን አንድ በአንድ ነቀለች፤ አቧራቸውን በጨርቅ ወለወለችና በመጡበት ካርቶን መልሳ ደረደረቻቸው።