የነዳጁ ፓምፕ

ዘሪሁን አዳማ ውስጥ አሉ ከሚባሉት የመኪና ኤሌክትሪሽያኖች አንዱ ነው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚባሉ ሴት አንድ አሮጌ መኪና አስመጡና አዲስ የሞተር ኮምፒውተር እንዲገጥምላቸው ጠየቁት። ሴንሰሮቹንና የነዳጅ ፓምፑን ከኮምፒውተሩ ጋር ሲያገናኝ ሁለት ቀን ሙሉ ከአጠገቡ አልተለዩም።

ሞተሩ ሲነሳ፣ "መኪናው ቢገለበጥ ፓምፑ ይቆማል?" አሉት።

"እንዴታ እናቴ! ሞተሩ ከጠፋ ኮምፒውተሩ ወዲያው ያቆመዋል።"

"እስቲ አሳየኝ።"

የሞተሩን መዞር ለኮምፒውተሩ የሚነግረውን ሴንሰር ሽቦ ነቀለ። ሞተሩ ጠፋ፤ ፓምፑም ጸጥ አለ። ሴትዮዋ እንባቸው መጣ።

"ምነው እናቴ?"

"የዛሬ ሦስት ዓመት የትልቁን ልጄን መኪና የሠራኸው አንተ ነህ። ፓምፑን በቀጥታ ከባትሪው ጋር ነበር ያገናኘኸው። መኪናው ሲገለበጥ ሞተሩ ጠፋ፤ ፓምፑ ግን ቤንዚን መርጨቱን አላቆመም። ልጄን እሳት በላው። ይኼኛው የታናሹ ነው።"

ዘሪሁን መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"ታዲያ... ለምን እኔ ጋ አመጡት?"

"ሌላ ጋ ብወስደውማ፣ አንተ በምን ታውቅ ነበር? የስንት እናት ልጅ መኪና ነው በእጅህ የሚያልፈው።"